የአገር በቆሎ ዘርና የተለወጠ ዘረመል፦ በነፋስ ነው የሚመጣው ወይስ በጆንያ?

(ዓመቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመነሻው ጥያቄ

ከታች ምላሾቹን በተራ የማጠቃልለውን የኢንተርኔት የውይይት ክር የከፈተው ሰው ነባር የበቆሎ ዘር ለሚያስቀምጡ ገበሬዎች ምክር ማዘጋጀት ይፈልጋል። ያነሳው ጥያቄ ይህ ነው፤ ገበሬው ከራሱ ማሳ እየመረጠ ከዓመት ዓመት የሚዘራው በቆሎ ባለበት አካባቢ ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ ቢዘራ ወይም እህሉ ቢሸጥ፣ ባዕዱ (ማለትም በቤተ ሙከራ የገባው) ዘረመል ገብቶ ይቀራል፣ ይጠፋል ወይስ ይበዛል? ለምሳሌ ያመጣው በሜክሲኮ የምትገኘውን ኦአሃካን ነው። ሜክሲኮ የበቆሎ መገኛ ናት፤ 59 ነባር የበቆሎ ዘሮቿ ተለይተው ተመዝግበዋል። ጠያቂው ግን በጥያቄ ብቻ አላበቃም። የ200 ሜትር ርቀት ከተጠበቀ የአገሩ ዘር ይድናል የሚል የራሱን መደምደሚያም ጨመረ። ክሩን ያረዘመው ይህ መደምደሚያ ነው።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በትህትና የጀመረው ከበቆሎው አፈጣጠር ነው። በቆሎ ወንዴውን አበባ አናቱ ላይ፣ ሴቴውን ከወገቡ ላይ ይዞ ስለሚቆም ከራሱ ይልቅ ከጎረቤቱ ይዳቀላል። አንድ ወንዴ አበባ ከ2 እስከ 5 ሚሊዮን ብናኝ ይበትናል። የበቆሎ ብናኝ ከሌሎች ሣሮች ብናኝ ጋር ሲተያይ ትልቅና ከባድ በመሆኑ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 20 እና 30 ሜትር ውስጥ ይወድቃል። በሞቃትና ደረቅ ቀን ከአንድና ሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም፤ በቀዝቃዛና እርጥብ አየር ግን አንድ ቀን ሊደርስ ይችላል። የሴቴው ፀጉር ብናኝ የሚቀበለው ለ10 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ 200 ሜትሩ የዘር አባዦች መለኪያ ሆኖ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም ብሎ ከጠያቂው ጋር ተስማማ። አንድ ነገር ግን አሳሰበ፤ 200 ሜትር መዳቀልን ይቀንሳል እንጂ ዜሮ አያደርገውም። ማሳው ትንሽ፣ የጎረቤቱ ማሳ ትልቅ ሲሆን ደግሞ ከውጭ የሚገባው ብናኝ ድርሻ ያድጋል፤ ትንሹ ማሳ የሚከላከልበት የራሱ ብናኝ ጥቂት ነውና።

ምላሽ 2

የዘር ጥራት ባለሙያ መሆኗን የገለጸች መላሽ ርቀትን በወረቀት ከመከራከር በዓይን መለካት እንደሚቻል አሳየች። ዘዴው ርካሽ ነው። ነጭ የአገር በቆሎ ከቢጫ በቆሎ ማሳ አጠገብ ሲዘራ፣ ከቢጫው ብናኝ የደረሳት ፍሬ በዚያው ወቅት፣ በዚያው ዛላ ላይ ቢጫ ሆና ትወጣለች። የፍሬው ሆድ ከእናት ሁለት፣ ከአባት አንድ ድርሻ ስለሚወስድ ቢጫው ፈዘዝ ይላል እንጂ አይጠፋም። ከድንበሩ በ5፣ በ10፣ በ25፣ በ50 እና በ100 ሜትር ላይ ከየርቀቱ 20 ዛላ ይሰበሰባል፤ ቢጫዎቹ ተቆጥረው ለጠቅላላው ፍሬ ይካፈላሉ። የአካባቢው የመዳቀል መጠን በአንድ ክረምት ይታወቃል።

ሁለት ስህተት እንዳይሠራ አስጠነቀቀች። አንደኛ፣ የሁለቱ በቆሎ አበባ በተመሳሳይ ሳምንት መውጣቱ አስቀድሞ መረጋገጥ አለበት፤ ካልተገናኙ ዜሮ ተቆጥሮ የሐሰት መተማመኛ ይሆናል። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ሌላ ነጭ በቆሎ ካለ የእሱ መዳቀል በቀለም አይታይም፤ ስለዚህ የተቆጠረው ዝቅተኛው መጠን እንጂ ጠቅላላው አይደለም።

ምላሽ 3

እዚህ ላይ የክሩ አቅጣጫ ተቀየረ። ሦስተኛው መላሽ ሁለቱም ትክክል እንደሆኑ ተቀብሎ፣ ሁለቱም ግን የተሳሳተውን በር እየጠበቁ እንደሆነ በቀጥታ ተናገረ። ሜክሲኮ የተለወጠ በቆሎ መዝራትን በ1998 አግዳ ነበር። ኦአሃካ ተራሮች ላይ ባዕድ ዘረመል ተገኘ ሲባል በ200 ሜትር ቀርቶ በ200 ኪሎ ሜትርም በሕግ የተፈቀደ ማሳ አልነበረም። ከየት መጣ? ከ1994ቱ የሰሜን አሜሪካ ነጻ ንግድ ውል (ናፍታ) በኋላ ከአሜሪካ በገፍ ይገባ የነበረው በቆሎ፣ ዲኮንሳ በሚባለው የመንግሥት የገጠር መደብር በኩል እስከ ተራራው መንደር ይደርስ ነበር። የመጣው ለምግብ ነው፤ ነገር ግን ያልተፈጨ ፍሬ ሁሉ ዘር ነው። ዝናቡ ተበላሽቶ ዘሩ ያለቀበት ወይም አዲስ ነገር መሞከር የወደደ ገበሬ ከምግቡ ጆንያ ዘግኖ ይዘራል።

ስሌቱንም አቀረበ። አሜሪካዊው ገበሬ የሚዘራው ዲቃላ ባዕዱን ዘረመል በአብዛኛው ከአንድ ወላጁ ብቻ የወረሰ ነው። ማሳው እርስ በርሱ ሲዳቀል ከሚሰበሰበው እህል ሦስት አራተኛው ያንን ዘረመል ይይዛል። ከሌላ እህል ጋር ተደባልቆ መጠኑ ቢቀንስ እንኳ፣ አንድ እፍኝ ፍሬ ነፋስ በ10 ዓመት የማያመጣውን በአንድ ቀን ማሳው መሐል ያስገባል። በእኔ ግምት ከመላው ክር ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ የመጡት ክርክሮች ሁሉ፣ ተከራካሪዎቹ ባያስተውሉትም፣ በዚሁ ዙሪያ ናቸው።

ምላሽ 4 እና 5

አራተኛው መላሽ የኦአሃካው ግኝት ውሸት ሆኖ ስለተሰረዘ በእሱ ላይ መከራከር ጊዜ ማባከን መሆኑን በቁጣ ጻፈ። አምስተኛዋ ታሪኩን በቅደም ተከተል አስቀምጣ አረመችው።

የካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ክዊስትና ኢግናሲዮ ቻፔላ ጽሑፋቸውን በኔቸር መጽሔት ያወጡት በኖቬምበር 2001 ነው። ጽሑፉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይል ነበር። የመጀመሪያው፣ ከሴራ ኖርቴ (ከኦአሃካ ተራሮች) የተሰበሰበ ነባር በቆሎ ውስጥ 35ኤስ የተባለው፣ በብዙ የተለወጡ ሰብሎች የሚገባው የዘረመል ማስነሻ ቁራጭ መገኘቱ ነው። ለማነጻጸሪያ ከፔሩ ኩስኮ ሸለቆ የመጣ ሰማያዊ በቆሎና በ1971 ከዚያው ከሴራ ኖርቴ የተሰበሰበ ዘር ተመርምረው ነጻ ሆነዋል፤ ከዲኮንሳ መደብር የተወሰደው እህል ግን ተይዟል። ሁለተኛው፣ ቁራጩ በበቆሎው የዘር መዝገብ ውስጥ በየቦታው ተበታትኖ መግባቱ ነው። በኤፕሪል 2002 በዚያው መጽሔት የወጡት ሁለት ትችቶች ሁለተኛውን ነጥብ በሚገባ አፈረሱት፤ የተጠቀሙበት የፒሲአር ዘዴ (የሚፈለገውን የዘረመል ቁራጭ አባዝቶ የሚያሳይ ምርመራ) የበቆሎውን የራሱን ክፍሎች ሳይቀር በስህተት ያባዛ ነበር። የመጽሔቱ አዘጋጅም ማስረጃው ጽሑፉን ለማውጣት በቂ እንዳልነበር የሚገልጽ ማስታወሻ አወጣ። ጽሑፉ ግን አልተሰረዘም። በመጀመሪያው ነጥብ ላይ ደግሞ ሌሎች ቀጠሉበት፤ በ2009 ሌላ ቡድን ከ2001ዱ ናሙና በ23 መንደሮች ውስጥ በ3ቱ፣ ከ2004ቱ ናሙና በ9ኙ ውስጥ በ2ቱ ባዕዱን ዘረመል ማግኘቱን አሳተመ። መኖሩና የት ቦታ መግባቱ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች እንደሆኑ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን አብሮ መጣል ስንፍና እንደሆነ ሳትሸሽግ ነገረችው።

ምላሽ 6

አራተኛውን ለማገዝ የገባው ስድስተኛ መላሽ በ2005 የታተመውን ትልቅ ጥናት ጠቀሰ። በ2003 እና በ2004 በኦአሃካ 18 ቦታዎች፣ ከ125 ማሳዎች፣ ከ870 ተክሎች 153,746 ፍሬ ተመርምሮ አንድም አልተገኘም። ይህን ያህል ፍሬ ተፈትሾ ምንም ካልታየ ጉዳዩ ማለቁን በእርግጠኝነት ጻፈ።

ምላሽ 7

መልሱ የመጣው ከአንድ የስታቲስቲክስ ሰው ነው፤ ጽሑፉ ረጅም ቢሆንም ለዘር ባንክ ሠራተኛ ሁሉ የሚጠቅም ነው። ከ100 ፍሬ አንዷ ባዕድ ብትሆን፣ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ቢያንስ አንዷን ለመያዝ 300 ፍሬ መፈተሽ ይበቃል። ከ1,000 አንዷ ብትሆን 3,000 ያስፈልጋል። ይህ የሚሠራው ግን እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ የተመረጠች ስትሆን ነው። የአንድ ዛላ ፍሬዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናቲቱ ዘረመሉን ከአንድ ወላጇ ከወረሰች ከልጆቿ ግማሽ ያህሉ ይይዙታል፤ ካልወረሰች ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጻ ናቸው። ስለዚህ ከ2 ዛላ 300 ፍሬ የፈተሸ ሰው በእናት በኩል የፈተሸው 2 ናሙና ነው። የ2005ቱ ጥናት ትክክለኛ ክብደትም ወደ 153,746 ሳይሆን ወደ 870 የቀረበ ነው፤ እሱም በ18 ቦታዎች የተከፋፈለ። ጥናቱ በእነዚያ ቦታዎች መጠኑ ከፍ ያለ አለመሆኑን በሚገባ ያሳያል። ቦታ ቦታ ይዞ የተቀመጠ ጥቂት ነገር አለመኖሩን ግን አያረጋግጥም። ለዘር ባንክ የሰጠው ቀመር አጭር ነው፤ ከ300 ዛላ አንድ አንድ ፍሬ፣ 300 ዛላ ከሌለ ከ150 ዛላ ሁለት ሁለት።

ስድስተኛው መላሽ ተመልሶ ስለ ጥናቱ ገንዘብ ምንጭ መጻጻፍ ጀመረ፤ ሁለት ሦስት ሰዎች ተከተሉት። ምላሽ 8 እና 9 በዚሁ አለፉ፤ ለዘሩ የሚጠቅም ነገር የላቸውም።

ምላሽ 10

የቤተ ሙከራ ሰው ነው። የፒሲአር ምርመራ አንዱን ቁራጭ ብቻ ከፈለገ እንደሚያመልጠው በምሳሌ አስረዳ። ሞን 810 የሚባለው የቢቲ በቆሎ (ተባይ የሚገድል የባክቴሪያ ፕሮቲን እንዲሠራ የተለወጠ) 35ኤስ ማስነሻ አለው፤ ኖስ የሚባለው ማቆሚያው ግን ወደ በቆሎው ሲገባ ተቆርጦ ቀርቷል። ጂኤ 21 የሚባለው ሌላ የተለወጠ በቆሎ ደግሞ ኖስ አለው፣ ማስነሻው ከሩዝ የተወሰደ ስለሆነ 35ኤስ የለውም። 35ኤስን ብቻ የፈለገ ጂኤ 21ን፣ ኖስን ብቻ የፈለገ ሞን 810ን ነጻ ብሎ ያሳልፋል። ሁለቱም አብረው መፈለግ አለባቸው።

በገጠር የሚሠራው በመመርመሪያ ወረቀት የሚደረገው ምርመራ ሌላ ነው፤ ዘረመሉን ሳይሆን ፕሮቲኑን ይፈልጋል። ቅጠል በትንሿ ቱቦ ክዳን ተቆንጥሮ ይወሰዳል፣ በዘንግ ይደቆሳል፣ ግማሽ ሚሊ ሊትር ያህል ውሃ ይጨመርበታል፣ ወረቀቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆምበታል። የላይኛው መስመር ካልወጣ ወረቀቱ ተበላሽቷል፤ ውጤቱ ነጻ ተብሎ አይጻፍም። ዘረመሉ ገብቶ ነገር ግን ፕሮቲኑን መሥራት ካቆመ ወረቀቱ አያየውም። ፍሬ የሚፈጩ ከሆነ ደግሞ ወፍጮው በሁለት ናሙና መካከል ተጠርጎ መታጠብ አለበት፤ የአንዱ ዱቄት ብናኝ ሌላውን ነጻ ናሙና ባዕድ ያስመስለዋል። በዚህ ሥራ የሐሰት ውጤት ከሚያመጡት አንዱ ይህ ቸልተኝነት መሆኑን አጽንቶ ጻፈ።

ምላሽ 11

አስራ አንደኛዋ ወደ መነሻው ጥያቄ መለሰችን፤ ይበዛል ወይስ ይጠፋል? መልሷ እንደ ባሕርዩ ይለያያል የሚል ነው። ፀረ አረምን የሚቋቋም ዘረመል ያ ፀረ አረም በማይረጭበት ማሳ ላይ ጥቅምም ጉዳትም የለውም፤ መጠኑ በዕድል ከፍ ዝቅ ይላል። 20 ዛላ ብቻ ለዘር የሚያስቀር ገበሬ ዘንድ በአንድ ወቅት ሊጠፋ ወይም በድንገት ሊዘል ይችላል። ቢቲ ግን ሌላ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ ቢኖረው እንኳ አገዳ ቆርቁርን ይገድላል። ገበሬ ደግሞ ለዘር የሚመርጠው ያልተበላውን፣ የሞላውን፣ የጠራውን ዛላ ነው። እጁ ሳያውቅ ቢቲውን ይመርጣል። ቢቲ ያለበት ዛላ የመመረጥ ዕድሉ ሁለት እጥፍ ቢሆን በየወቅቱ መጠኑ እየታጠፈ፣ በ1 በመቶ የጀመረው በ7 ወቅት ማሳውን በሙሉ ይሸፍናል ብላ አሰላች።

ምላሽ 12

ሐሳቧን አድንቆ ስሌቷን አረመ። ገበሬው የሚመርጠው እናቶችን ነው፤ ብናኝ የሚበትኑትን አባቶች አይመርጥም። የዘሩ ግማሽ ድርሻ ሳይመረጥ ስለሚገባ ጭማሪው በየወቅቱ ሁለት እጥፍ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ እየበዛ ሲሄድም ይቀንሳል። በእሷው ግምት መሠረት 1 በመቶ የነበረው በ7 ወቅት 14 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ትንሽ አይደለም፤ ግን ማሳውን በሙሉ አልሸፈነም። ትርጉሙም ይለያል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ወቅቶች የተያዘ ባዕድ ዘረመል በምርመራና በመልቀም ሊወጣ ይችላል፣ ከ7 ወቅት በኋላ ግን ዘሩን ከመጠባበቂያ መተካት ሳይቀል አይቀርም። እሷም ስህተቷን ተቀብላ አመሰገነችው።

አያይዞ የጻፈው የተባዩ ነገር ነው። ቢቲ ያለውና የሌለው ተክል በአንድ መስመር ሲደባለቅ፣ ትሉ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተሻገረ ከመርዙ ጥቂት ጥቂት ይቀምሳል፤ የሚተርፈው የተላመደው ነው። መላመዱን ለማዘግየት በደቡብ አፍሪካ ገበሬዎች ወይ ከማሳቸው 20 በመቶውን ተባይ ማጥፊያ የሚረጭበት ተራ በቆሎ፣ ወይ 5 በመቶውን የማይረጭበት ተራ በቆሎ እንዲዘሩ ደንብ ነበር። በብዙ ቦታ አልተጠበቀም። እዚያ ያለው አገዳ ቆርቁር፣ እኛ ደጋ ላይ የምናውቀው ዓይነት፣ ቢቲውን መቋቋሙ በ2007 ተዘግቧል።

ምላሽ 13 እና 14

ክሩ እዚህ ጋ ሰላ። አስራ ሦስተኛው የዕፅዋት ማዳቀል ባለሙያ ነው። ሁሉም የሚጨነቁለት ነባር ዘር ለብዙ ዓመታት ከምርጥ ዘር ጋር ሲዳቀል እንደኖረ፣ ዲቃላ አንድ ጊዜ ሲገባ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዘረመሎች እንደሚያስገባ፣ እዚህ ግን ስለ አንድ ወይም ሁለት ዘረመል ዋይታ እንደበዛ ጻፈ። የሜክሲኮ ገበሬዎች ራሳቸው የተዳቀለውን ተቀብለው አገርኛ እንደሚያደርጉት፣ የአገር ዘር ሕይወት ያለው ነገር እንጂ የሙዚየም ዕቃ እንዳልሆነ አሳሰበ።

አስራ አራተኛው በጠንካራ ቃላት መለሰ፤ ቁም ነገሩ ግን ቦታውን የያዘ ነው። ከዲቃላ የገባው ሌላው ዘረመል ገበሬው ወደ አገሩ ዘር በመለሰው ቁጥር በግማሽ ይቀንሳል፤ 50፣ 25፣ 12.5 እያለ በስድስተኛው መልስ ከ1 በመቶ በታች ይወርዳል። የሚመረጥ ዘረመል ግን አይቀንስም፤ ሌላው ሁሉ ሲወጣ እሱ ይቀራል። ደግሞም ባለቤት አለው። በዲቃላ የተደባለቀ የአገር ዘር የገበሬው ነው። የባለቤትነት መብት ያለው ዘረመል የገባበት ዘር የማን እንደሚሆን ግን ማዳቀል ብቻ የሚያውቅ ሰው ሊመልሰው አይችልም። የመጨረሻዋ ሐረግ ባትኖር ይሻል ነበር፤ ባለሙያው ተቀይሞ ሦስት ምላሽ ያህል ዝም አለ።

ምላሽ 15 እስከ 17

የባለቤትነት ነገር ሲነሳ ሁለት የቆዩ ወሬዎች መጡ። አንደኛው የተለወጠ በቆሎ ተመልሶ አይበቅልም የሚለው ነው። ያረመው መላሽ ሁለት ነገር መደባለቁን አሳየ። ፍሬን መካን የሚያደርገው ዘዴ በ1998 በአሜሪካ የባለቤትነት መብት ተሰጠው እንጂ ለገበያ ቀርቦ አያውቅም። ገበሬው የሚያየው የዲቃላ ጠባይ ነው፤ የዲቃላ ልጅ ይበቅላል፣ ነገር ግን አንዱ ረጅም አንዱ አጭር ሆኖ ወላጁን ያህል አይሰጥም። የአገር ዘር አደጋም ከዚሁ ይመነጫል፤ ባይበቅል ኖሮ ባልተሻገረ።

ሁለተኛው ወሬ ነፋስ ባመጣበት ብናኝ ምክንያት ስለተከሰሰው ካናዳዊ ገበሬ ነው። እሱም ታረመ። ፐርሲ ሽማይዘር የዘራው በቆሎ ሳይሆን ካኖላ የሚባል የዘይት ሰብል ነው። ፀረ አረም ረጭቶ የተረፈውን ለይቶ፣ ዘሩን አስቀምጦ በቀጣዩ ዓመት በሰፊው ዘራ። የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2004 በ5 ለ4 ድምፅ የባለቤትነት መብት መጣሱን ወሰነ፤ ከሳሹ ግን ገንዘብ እንዲከፈለው አላደረገም። አራሚው ከዚህ ያወጣው ፍሬ ነገር፣ ክርክሩ ብናኝ ስለመድረሱ ሳይሆን አውቆ ስለ መምረጥና ስለ ማስቀመጥ እንደነበረ ነው። ነባር ዘር አስቀማጭ ደግሞ ሥራው መምረጥና ማስቀመጥ ነውና እፎይ የሚያሰኝ አይደለም።

ምላሽ 18

ይህ ከመስመር የወጣ ቢመስልም ደስ የሚል መውጣት ነው። አንዱ መላሽ ስለ ፈንዲሻ በቆሎ ጻፈ። ብዙ የፈንዲሻ ዘሮች ጂኤ 1 የሚባል ዘረመል አላቸው፤ ሴቴው ፀጉር ተመሳሳዩን ያልያዘ ብናኝ ሲያርፍበት ዘልቆ እንዲገባ አይፈቅድም። ማለትም የተለመደው በቆሎ ፈንዲሻውን አይደርስበትም፣ ፈንዲሻው ግን ሌላውን ይደርስበታል። ይህን በማዳቀል ወደ ነባር ዘር አስገብቶ እንደ ቁልፍ መጠቀም ይቻላል። ዝም ብሎ የነበረው የማዳቀል ባለሙያ ተመልሶ ጥንቃቄ ጨመረበት፤ በነባር የሜክሲኮ በቆሎዎች ውስጥ ይህን ቁልፍ የሚያልፍ ሌላ ዓይነት ቅጂ ስላለ መከላከያው ፍጹም አይደለም። ለጆንያው ደግሞ ምንም አይፈይድም።

ምላሽ 19

ወደ አፍሪካ የመለሰችን ናት። በ2014 የታተመ ጥናት በደቡብ አፍሪካ ምሥራቅ ኬፕ ትናንሽ ገበሬዎች በሚያስቀምጡት የአገር በቆሎ ውስጥ ባዕድ ዘረመል ማግኘቱን ጠቀሰች። በዚያ አገር የተለወጠ ዘር የገዛ ሰው ዘሩን መልሶ ላለመዝራት ይፈርማል፤ መንደር ውስጥ ግን ዘር በብድር፣ በስጦታና በዘመድ ይሄዳል፤ ወረቀቱ አብሮ አይሄድም። በ2002 ደግሞ በደቡባዊ አፍሪካ ረሃብ ጊዜ ዛምቢያ የተለወጠውን የእርዳታ በቆሎ አልቀበልም ስትል፣ ዚምባብዌ፣ ሞዛምቢክና ማላዊ ተፈጭቶ እንዲገባ ጠየቁ። በ2004 የሰሜን አሜሪካ የአካባቢ ትብብር ኮሚሽን ሪፖርትም ለሜክሲኮ የመከረው ይህንኑ ነው፤ ከውጭ የሚገባው በቆሎ ድንበር ላይ ይፈጭ። የተፈጨ አይበቅልም። ችግሩ ዱቄት እንደ ፍሬ ረጅም ጊዜ አለመቆየቱና ወጪው ነው።

አንድ ሰው በአጭሩ የሜክሲኮን መጨረሻ ጨመረ፤ ፍርድ ቤት በ2013 የመዝራት ፈቃዶችን አገደ፣ በዲሴምበር 2024 የንግድ ዳኞች ቡድን ሜክሲኮ በምግብ በቆሎ ላይ የጣለችውን ገደብ በአሜሪካ ክስ ውድቅ አደረገ፣ በማርች 2025 ደግሞ የተለወጠ በቆሎ መዝራት በሕገ መንግሥቷ ተከለከለ። መዝራቱ ተዘጋ፤ ጆንያው ክፍት ነው።

ምላሽ 20 እና 21

ሃያኛው ኢትዮጵያን አነሳ። የተለወጡ ሕያዋን ከአገር አገር ሲዘዋወሩ ስለሚደረገው ጥንቃቄ የሚደነግገው የካርታሄና ፕሮቶኮል በ2000 ሲጸድቅ የአፍሪካን ቡድን ድርድር የመሩት ዶክተር ተወልደብርሃን ገብረእግዚአብሔር እንደነበሩ፣ የአገራችን የደህንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655 በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2001 ወጥቶ በዚያው አቆጣጠር በ2007 በአዋጅ ቁጥር 896 እንደተሻሻለ፣ የቢቲ ጥጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 እንደተፈቀደ፣ ቢቲንና ድርቅን የመቋቋም ዘረመልን ያጣመረው ቴላ በቆሎም በአገራችን በተከለለ ማሳ እንደተሞከረ ዘረዘረ። ድርቅ የሚቋቋመው ዘረመል ከአንድ የአፈር ባክቴሪያ የተወሰደ ነው፤ በገበሬው ምርጫ በኩል እንደ ቢቲው ዓይን የሚስብ አይደለም፣ በዛላው ላይ ምልክት አይተውምና። ከሁለቱ መጀመሪያ በአገሩ ዘር ውስጥ የሚበዛው ቢቲው መሆኑን ገመተ። ከምላሽ 11 ጋር ሲገናዘብ ትክክል ይመስለኛል።

ሃያ አንደኛው ቆጣ ብሎ ገባ። በ2017 ወደ አገራችን የገባው የአሜሪካ ተምች ማሳ ሲያወድም ገበሬው ኬሚካል ተሸክሞ እየረጨ ባለበት ሰዓት ስለ ዘር ንጽሕና መከራከር የጥጋብ ጨዋታ መሆኑን ጻፈ። ማንም አልሳቀበትም፣ ማንም አላጣጣለውም፤ ጥያቄው እውነተኛ ነው። የተሰጠው መልስ ግን ሞን 810 ለአገዳ ቆርቁር የተሠራ እንደሆነና ተምቹን በከፊል ብቻ እንደሚያስታግስ፣ በፖርቶ ሪኮ ደግሞ ሌላኛውን የቢቲ ፕሮቲን፣ ክራይ 1ኤፍን፣ ተምቹ መልመዱ ከ2006 ጀምሮ እንደታየ የሚያስታውስ ነው። ተምችን መከላከልና ነባር ዘርን በመጠባበቂያ ማስቀመጥ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ምላሽ 22

ጠያቂው ተመለሰ። 200 ሜትሩ ብቻውን ይበቃል ያለውን አንስቶ፣ ለገበሬ የሚሰጠውን ምክር እንደገና ጻፈ። ከገበያ ወይም ከእርዳታ የተገኘ በቆሎ ለዘር አይውልም፤ ግድ ከሆነ ከአገሩ ዘር ርቆ ለብቻው ይዘራል፣ ከዚያ የሚገኘውም ለዘር አይቀመጥም። ጎረቤቶች ተስማምተው የአበባ ጊዜው ከ3 እስከ 4 ሳምንት እንዲራራቅ በተለያየ ሳምንት ይዘራሉ፤ ማሳ በጠበበበት ቦታ ከርቀት ይልቅ ይህ ይቻላል። ዘር የሚመረጠው ከዳር 10 መስመር ተትቶ ከመሐል ነው። ቢያንስ ከ200 ተክል አንድ አንድ ዛላ፣ ከእያንዳንዱ ዛላ እኩል ፍሬ፤ ትልቅ ዛላ ስላማረ ብቻ ብዙ ድርሻ አይሰጠውም። የአንድ ዓመት ዘር ተዘርቶ የሁለት ዓመት ዘር ጎተራ ይቀመጣል፤ ችግር ቢገኝ የሚመለሱበት እንዲኖር።

ምላሽ 23

የመጨረሻው መላሽ በመጠባበቂያው ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ። በደንብ ያልደረቀ ዘር አየር በማያስገባ ዕቃ ከታሸገ ይሻግታል፤ ካልታሸገ ነቀዝ ይጨርሰዋል። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው የጨው ፍተሻ አለ። በደረቀ ብርጭቆ ውስጥ እፍኝ የማይሞላ በቆሎ ከጥቂት የደረቀ ጨው ጋር ተደርጎ አንድ ደቂቃ ይናወጣል፣ ከዚያ 10 ደቂቃ ይቀመጣል። ጨው ብርጭቆው ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ ገና ፀሐይ ይፈልጋል። ጨው ሳይጣበቅ ሲቀር ወዲያው አይታሸግም፤ ጨው ከ15 በመቶ በታች ያለውን አይለይምና ሁለት ሦስት ቀን ተጨማሪ ይሰጣል፣ ማታ ማታ ጤዛ እንዳይመልሰው እየተሸፈነ።